በጀሪካኑ ላይ ያልጻፍኩት ቁጥር

ቢስሚላህ። ከየሥራችሁ አስፈቅዳችሁ እዚህ ቱቅባ ድረስ ስለመጣችሁ አላህ ምንዳችሁን ይክፈላችሁ። የአጎቴን የአቶ ሙሐመድአሚንን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት የእህታቸው ልጅ ሙዐዝ ነኝ፤ ለዚህ የማይገባው ሰው ቢፈለግ ግን ከሁላችሁ መካከል የሚገኘው እኔው ነኝ።

አቶ ሙሐመድአሚን ከአባታቸው ከአቶ መሐመድአወልና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሕቡባ በወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ተወልደው፣ ቁርኣን ቀርተው፣ ደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ በሃያ አምስት ዓመታቸው ወደዚህ ወደ ሳዑዲ፣ ደማም ከመጡ በኋላ በአንድ የኬሚካል መጋዘን በጫኝነት ተቀጥረው፣ በትጋታቸው የመጋዘኑ ኃላፊ ለመሆን በቅተዋል። ወይዘሮ ሁመይራንም አግብተው አንዲት ልጅ፣ ራህማን፣ ወልደዋል።

እኔም በምሠራበት በዚያ መጋዘን አንዱን ኬሚካል ሻጩ በአንድ ስም፣ ዐረቡ በሌላ፣ እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ራሳችን ባወጣንለት ስለምንጠራው፣ እሳቸው ስም የሚባል ነገር አያምኑም ነበር። እያንዳንዱ ኬሚካል በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት አንድ የመዝገብ ቁጥር እንዳለው ተምረው፣ ሦስት መቶ ያህሉን በቃላቸው ይዘው፣ የመጨረሻዋ አሃዝ የሌሎቹ መፈተሻ ስለሆነች ሌሎቹን ከኋላ ወደ ፊት በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት እያባዙና እየደመሩ፣ የድምሩ መጨረሻ ከእሷ ጋር መግጠሙን በጣታቸው ያረጋግጡ ነበር። እኔንም አስተምረውኛል። «ልጄ፣ ቁጥሩን ሳትጽፍ ክዳን አትክፈት» ሲሉኝ፣ ነገር ያበዛሉ እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር እስቅባቸው ነበር። ምነው አፈር በበላሁ!

ቤተሰቡ ያዘጋጀው ወረቀት ከዚህ ቀጥሎ «በድንገተኛ አደጋ» ይላል። አላነብበውም፤ ድንገተኛ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ የታንከሩን ውስጥ የሚያጸዱበት አልኮል እንድቀዳ ሲያዙኝ፣ መጋዘኑ ሁለት ዓይነት አልኮል እንዳለው እያወቅሁ፣ የበርሜሉን ቁጥር ሳላይ ቀድቼ በጀሪካኑ ላይ በአማርኛ «አልኮል» ብቻ ጻፍኩበት። ቁጥሩን አይተሃል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አዎ አልኳቸው፤ እሳቸውም አምነውኝ ታንከሩ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ዓይናቸው ብዥ ብሎባቸው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሐኪሞቹ ምን እንደነካቸው ጠየቁን። ወደ መጋዘኑ ሮጬ በርሜሉን አየሁት፤ 67-56-1፣ ሜታኖል፣ ዓይን የሚያጠፋው መርዝ። ይህንን ይዤ፣ አሠሪያችን ካፊሉ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ መትቶ ወደ አገሬ ይሸኘኛል ብዬ ፈርቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ስናገር ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። ቁጥሩን እንድነግራቸው አዘዙኝ፤ በጣታቸው ቆጥረው «ልክ ነው፣ ሙዐዝ» አሉኝ። ለካፊሉ ግን «የቀዳሁት እኔ ነኝ» ብለው እኔን አዳኑና፣ ዓርብ ዕለት በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ።

አቶ ሙሐመድአሚን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሁመይራንና ልጃቸውን ራህማን ትተው አልፈዋል። ራህማ፣ ከደሴ በስልክ እየሰማሽኝ ነው፤ አፉ በይኝ የምልበት አፍ የለኝም። ከዚህ ወጥቼ ካፊሉ ዘንድ እሄዳለሁ፣ የቀዳሁት እኔ መሆኔንም እነግረዋለሁ፤ ኹሩጅ ቢመታብኝም ይምታ። አላህ ለአጎቴ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ የጠፋ ዓይናቸውን በጀነት ያብራላቸው።

እኔን ተዉኝ፤ ለእሳቸው አሚን በሉ።