ከመሬት ሁለት ስንዝር

ፋርማሲስቱ ለምሳ ሊወጣ የመድኃኒት ቤቱን በር ሲቆልፍ ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ በፊቱ ሲያልፍ አየ። ወደ ታች ቢመለከት አንዲት ሴት ወንበር በመሰለ ብስክሌት ላይ ተንጋላ፣ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታ ፔዳል ትመታለች። የሰፈሩ ሰው ይህን ብስክሌት «አልጋው» ይለዋል። የመኪና ጠባቂው «እመቤት፣ ትራስ ረስተዋል» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሴትዮዋ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። የተማረ ሰው ነውና ሲደነግጥም በጨዋ ቃል ነው።

«አክስቴ፣ እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን መሰለህ? ወደ አንተው ስመጣ ነበር።» ፍሬን ያዘችና ከሻንጣዋ አንዲት ወረቀት አወጣች። «እዚህ ላይ ፈርምልኝ። ቅዳሜ ከብስክሌተኞች ማኅበራችን ጋር የስድስት ቀን ጉዞ እነሳለሁ። ዝርዝሩ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። እሱ ካልፈረመ ዘጠኙ ጓደኞቿ ይሄዳሉ፣ እሷ ትቀራለች። የሰውን ሁሉ ማዘዣ ሦስት ጊዜ የሚያነበው ፋርማሲስት ግን «የቤተሰብ ፊርማ» የሚለውን ብቻ አይቶ ወረቀቷን ኪሱ ከተታት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አልፈርምም። ስድሳ ሁለት ዓመትዎ ነው። ቢወድቁስ?»

«ከየት ነው የምወድቀው? ከመሬት ሁለት ስንዝር ነኝ።»

«መኪና አያይዎትም።»

«አንተ ገና እኔን ሳታይ ባንዲራዬን አላየህም?»

«ዳገት ላይ ጥለውዎት ይሄዳሉ።»

«ዳገት ላይ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ተንጋለህ ስትነዳ ተነስተህ ፔዳል መርገጥ የለም፤ በቀላል ማርሽ ቀስ ብለህ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ቀርፋፋው ይምራ፣ ሌላው ይከተል ብለን ተስማምተናል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሚደርስብኝ የለም፤ እታች እጠብቃቸዋለሁ። ሦስት እሑድ ሙሉ ጓዛችንን ጭነን ተለማምደናል። በመጀመሪያው እሑድ ስድስት ኪሎ ልብስ ጭኜ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ አሁን ሁለት ኪሎ በቃኝ። የአሥራችንንም ሻንጣ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጎማ መቀየርም አውቄያለሁ፤ ካላመንክ አስተንፍሰውና ሰዓት ያዝ።»

ምክንያት ያለቀበት ሰው ደብቆ ያቆየውን ያወጣል። እሱም አወጣው።

«ሰው ይስቃል፣ አክስቴ።»

አክስትየው የራስ ቁሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ተናዳለች፤ ድምፅዋ ግን ከፍ አላለም።

«አርባ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ የዚህን ሰፈር ልብስ ሰፋሁ። ስጎብጥ ማንም አልሳቀም። ዛሬ ጀርባዬን ደግፌ ቀና ስል ነው የሚያስቀው? ተራውን ብስክሌት ሞከርኩ፤ እጄ ደነዘዘ፣ አንገቴ ተያዘ፣ አንተም ማስታገሻ ሰጠኸኝ። ይሄኛው አያመኝም። የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ እሄዳለሁ። አሁን አንተ ተቀመጥበትና ሞክረው።»

«ክራባት አድርጌ?»

«ክራባትህ ፔዳል አይመታም።»

ተነስታ ከሻንጣዋ መፍቻ አውጥታ ፔዳሉን የያዘውን ብረት ፈታች፤ በእግሩ ልክ ወደ ፊት ገፋችው። «ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። ጨርሶ ከተዘረጋ በሦስተኛው ቀን ያስለቅስሃል።» እሱም ተቀምጦበት ሁለቴ ወደ ጎን ተጋደመ። «ዶክተር፣ ትራሱን ላምጣ?» አለ የመኪና ጠባቂው፤ ሰውም ሳቀ። በሦስተኛው ግን ብስክሌቱ ሄደለት። እስከ መታጠፊያው ደርሶ ሲመለስ፣ ከጠዋት ጀምሮ ባንኮኒ ላይ አቀርቅሮ የደረቀው አንገቱ ለቀቀው።

«ሲስቁብኝ አፈርኩ» አለ ተነስቶ ሱሪውን እያራገፈ። «ለካስ ቅድምም የፈራሁት ለእርስዎ አልነበረም። ‹የፋርማሲስቱ አክስት› እንዳይሉ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ወረቀቷን አወጣ። «እንግዲህ ፈቅጃለሁ።»

«መጀመሪያ አንብበው።»

አነበበ፦ «በጉዞው ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር ስልክ የሚደወልለት የቅርብ ዘመድ።»

«ፈቃድ የጠየቅኩህ መስሎህ ነበር?» አለች። «እኔ የጠየቅኩህ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው።»

አንገቱን ደፍቶ ስሙንና ቁጥሩን ጻፈ፤ እሷም የራስ ቁሯን አጥልቃ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አንድ የታክሲ ሾፌር ለወገቡ ማስታገሻ ሊገዛ መጣ። ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ሰጠውና ማብራራቱን አላቆም አለ፦ ጀርባን ደግፎ መንዳት ወገብ እንደማይጎዳ፣ እጅ እንደማያደነዝዝ፤ ለረጅም መንገድ ጓዝን ቀንሶ፣ ከጓደኛ ጋር አስቀድሞ ተለማምዶ መነሳት እንደሚያስፈልግ፤ ደካማው ከፊት ሲሆን ማንም ወደ ኋላ እንደማይቀር። ሾፌሩ «አልጋውን ነው የምትለኝ?» ብሎ ሳቀ። «እሱን ነው» አለ ፋርማሲስቱ ኮራ ብሎ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አክስቱ ናት። ብድግ አድርጎ አነሳው።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ ጎማውን ሞክሬ ጨርሻለሁ። ያልተሞከርከው አንተ ብቻ ነበርክ» አለችና ዘጋችው።