ለአዲሱ ጉልበት የቀረበ ክኒን

ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ አዲስ አበባ ሄደው ጉልበታቸውን በሰው ሠራሽ ያስቀየሩ ናቸው። አጠገባቸው ያለው ሰውዬ ክራንቻቸውን አይቶ ጀመረ።

«እትዬ፣ ለሕመሙ ምን ሰጡዎት?»

«ፓራሲታሞል። ጠንካራውን ክኒን ለመጀመሪያው ሰሞን ብቻ ነው ብለው ቀነሱብኝ።»

«ቀነሱት ወይስ ሸጡት?»

«እንጃ ወንድሜ። ከለመዱት መተው ያስቸግራል አሉኝ።»

«እሱማ ማስፈራሪያ ነው። በምትኩስ?»

«በረዶ ያድርጉበት፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ።»

«አጥንት ቆርጠው በረዶ? ሥጋ ነው እንዴ የሚያቆዩት?»

«ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ምን እዋሻለሁ።»

«ይኸው ትራማዶል፣ ያ ጠንካራው ክኒን። የታመመ ልጠይቅ ስሄድ ባዶ እጄን ስለማልሄድ ሁሌም ከኪሴ አይጠፋም። ይዋጡት።»

ሴትዮዋ ክኒኑን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«ለማን ታዞ ነው?»

«ለታናሼ፣ እግሩ የተሰበረ ጊዜ።»

«አሁን እንዴት ሆነ?»

«ከዳነ ቆየ። ማንኪራ ሄዶ ቡና ይለቅማል።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ እየገዛሁ የምውጠው።»

«አንተን ደግሞ ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ስውጠው ምንም አያመኝም። ያልዋጥኩ ቀን ነው ሁለመናዬን የሚያመኝ።»

ሴትዮዋ ክኒኑን ቀስ ብለው መዳፉ ላይ መለሱለት።

«እንግዲያው እኔን ጉልበቴ ብቻ ቢያመኝ ይሻለኛል።»

ለሚያመኝ ወገቤ አንድ ፍሬ ልለምነው የከፈትኩትን አፌን ዘግቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።