ስኳር የተኛበት ትራስ

ግቢ፣ ግቢ የኔ እናት! ጫማሽን ተይው፣ ወለሉ ገና አልተወለወለም። ምነው እንዲህ ጠፋሽ? በር ለበር ሆነን እንጠፋፋ? ፀጉር ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው እንዴ?… ጎሽ፣ ዕረፍትማ ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ፀጉር መሥራት እግር ይጨርሳል። እዚያ ሳይሆን እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። እህቴ ገላዋን እየታጠበች ነው፣ አሁን ትወጣለች። ልጁ ያው ተኝቷል፣ እዪው እስኪ… ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው፣ እጆቹን ወዲያና ወዲህ ዘርግቶ። አያሳዝንም? ትራስ እንኳን የለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍረን ነው የምናሳየው።

ትራስ አጥተን ግን እንዳይመስልሽ። እጀ ወርቅ ዘመድ ያለው ቤት ትራስ ያጣል? ስም አልጠራም… ስም መጥራት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። አክስቱ ናት ብዬም አልልሽም። አክስትማ ስንት አለ! እኔም የእናቱ እህት ነኝና አክስት ነኝ። ብቻ አንዲት ሴት አለች እንበል። ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ነው። የጎበጠ፣ ስፖንጁ የወጣ፣ ድመት የቧጨረው ሶፋ ስጫት፣ እንደ ሙሽራ አልብሳ ትመልስልሻለች። እውነቴን ነው፣ በሙያዋ ማንም አይደርስባትም። ለሶፋ የተፈጠረች ሴት ናት።

ይቺው ሴት ልጁን ልታይ መጣች። ገና ከበሩ፣ «ምነው ሜዳ ላይ ጣላችሁት?» አለች። ሜዳ ያለችው አልጋውን ነው። «ሶፋ እንኳን ጎንና ጎኑ ካልተያዘ ይወላገዳል፣ እንኳን አንድ ፍሬ ልጅ!» ብላ ወንድሟን ተቆጣችው… ውይ! አባትየውን ማለቴ ነው። ምላሴ አዳለጠኝ፣ አልሰማሽም።

ከዚያ ትራሱን ሰፍታ ይዛ መጣች። በግራ አንድ ጥቅል ስፖንጅ፣ በቀኝ አንድ ጥቅል፣ በራስጌ በኩል ከፍ ያለ፣ መሃሉ ጎድጓዳ። ልጁ መሃሉ ይገባና ቀጥ ይላል፤ መዞር የለ፣ መንከባለል የለ። አንገቱን እንኳን ያልቻለ ልጅ ወዴት ሊሸሽ እንደነበር እኔ አልገባኝም፣ ግን አንድ ጊዜ አምልጦ ቢሆንስ? ጨርቁ ደግሞ ከሳሎኑ ሶፋ የተረፈው ነው፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት! አንድ ቀን ልጁን ከነትራሱ ሶፋው ላይ አስተኝታው፣ የአባትየው አለቃ ሊጠይቁን መጥተው፣ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሊቀመጡበት ሲሉ በጩኸት ነው ያስጣልነው። ሰውየውም አልተፈረደባቸውም፤ ትራስ መስሏቸው ነው።

ዝም ብላ አመጣች ደግሞ እንዳትዪ። ፈትናዋለች! ሱቋ ውስጥ አንድ ከረጢት ስኳር መሃሉ አስተኝታ፣ ሥራዋን እየሠራች ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቀችው። ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። አልተገለበጠ፣ አልተወላገደ፣ አላለቀሰ። «እንግዲህ ምን ቀረው?» አለችን። እውነት ምን ቀረው?… መተንፈስ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን ደግሞ ስኳር አይችልበት፣ ምን ታድርግ?

እህቴ ልጁን ለምርመራ ስትወስደው አዋላጇን ነርስ ጠየቀቻት። እኔም ነበርኩ። «በጀርባው አስተኙት፤ ፍራሹ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ ይሁን፤ ትራስም መደገፊያም አታስገቡ። ልጁ ተንሸራቶ አገጩ ደረቱ ላይ ከታጠፈ፣ ወይ ፊቱ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ፣ ራሱን ማውጣት አይችልም» አለችን። ይህንኑ መጥተን ስንናገር ያቺ ሴት ከት ብላ ሳቀች። «እሷ ራሷ ገና ልጅ! ስንት ሶፋ አይታ ነው?»… ይቅርታ፣ «ስንት ልጅ አይታ ነው» ነው ያለችው። እኔ ነኝ ያምታታሁት። እዚህ ቤት ሶፋና ልጅ መለየት እያቃተን ነው።

አባትየው ደግሞ የተባረከ ሰው ነው። ማንንም ማስቀየም አይወድም። «ቀን ቀን ትራሱ ላይ፣ ማታ ማታ አልጋው ላይ ይተኛ» ብሎ ዳኘ። ልጁ ቀን ቀን አየር አያስፈልገውም ብሎ ይሆናል። እህቴን «እምቢ በይ እንጂ፣ እናቱ እኮ አንቺ ነሽ!» ብላት፣ «ስንት ደክማበት፣ ይከፋታል» ትለኛለች። አይ እህቴ! ሰው እንዳይከፋው ተብሎ… ተይው፣ አልጨርሰውም።

ትናንትና መድኃኒት ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ ያቺ ደግ ሴት ሻይዋን አጠገቧ አድርጋ፣ ለትራሱ ቅያሪ ልብስ ትሰፋለች። ልጁ ትራሱ ውስጥ ነው። ጭጭ ብሏል። «እዪው፣ ከተወለደ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም» አለችኝ፣ ኩራቷ! ጎንበስ ብዬ አየሁት። ወደ ታች ተንሸራቷል። አገጩ ደረቱ ላይ ታጥፏል፣ አፍንጫው የጎኑ ስፖንጅ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩ… የከንፈሩ ቀለም ልክ አልነበረም፣ የኔ እናት። እንዴት አድርጌ እንዳነሳሁት አላውቅም። ቀና ሳደርገው አየሩን ስቦ፣ ስቦ፣ ከዚያ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። አንዳችን በጫማ፣ አንዳችን በነጠላ ጫማ ሐኪም ቤት ሮጥን፤ ደህና ነው፣ ደርሳችሁለታል አሉን። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

እና ያን ጊዜ፣ ልጁ እጄ ላይ ሲያለቅስ፣ ምን አለች መሰለሽ? «ውይ፣ ለምን ቀሰቀስሽው!»

ፍቅር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ለልጅ እንቅልፍ እንዲህ የሚሳሳ አክስት… ሰው፣ ሰው ማለቴ ነው፣ ከየት ይገኛል?

ምን ሰማሽ? አይ፣ ወጥ ቤት ያቺ… አንድ ሰው ብርጭቆ እያጠበ ነበር። አሁን ጸጥ አለ፣ አይደል? ውሃው ሄዶ ይሆናል። ድምፄን ልቀንስ? ለምን ብዬ? ክፉ ወጣኝ እንዴ? ከገባሽ ጀምሮ ሰው ሳመሰግን አይደል የሰማሽኝ?

እኔማ ነገ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው። ፈቃዴ አልቋል፣ ተማሪዎቼ ያለ አስተማሪ ተቀምጠዋል። አባትየው ሥራ ይውላል። እህቴ ገና አልጠናችም፣ ጋደም ማለቷ አይቀርም። እሷ ጋደም ስትል ልጁን ማን ይዞ እንደሚውል፣ ማን እንደሚያስተኛው አንቺው አስቢው። ትናንት ከራት በኋላ ትራሱ ይቅር ወይስ ይኑር ብለን ተሰብስበን ነበር። ልጁ ከሐኪም ቤት በተመለሰበት ቀን! አባትየው «እስኪ እናስብበት» አለ። ያስብበት። ማሰብ መልካም ነው።

ትራሱ የት አለ ትያለሽ? ተደግፌዋለሁ! ይኸው ከወገቤ ጀርባ። አቤት ሲመች! ለጎልማሳ ወገብ እንዲህ ያለ ነገር ተሰፍቶ አያውቅም፤ ባለሙያ የሰፋው ያስታውቃል። ነገ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼው እሄዳለሁ፤ ማንንም አላስፈቅድም። ግን ምን ዋጋ አለው? ስፖንጅ ሞልቷል፣ እጇም ፈጣን ነው፤ እኔ አውቶቡስ ላይ ወንበር ሳልይዝ ሌላ ሰፍታ ትጨርሳለች። ጎንበስ ብሎ የልጁን አፍንጫ የሚያይ ደግሞ ነገ እዚህ ቤት የለም።

እንግዲህ በእጄ የቀረው ምርቃት ብቻ ነው። ለሠራ ሰው ምርቃት አይነፈግም፣ ልመርቃት። እጇ አይዛል። ገበያዋ አይቀዝቅዝ። ዕድሜዋን ያርዝመው፤ ፀጉሯ ጥጥ እስኪመስል፣ ጎኗን እንኳን በራሷ ማዞር እስኪያቅታት ድረስ ያኑራት። ያን ጊዜም ጧሪ አያሳጣት… ይህን ልጅ በወደደችበት ፍቅር የሚወዳት፣ በዚሁ ትራስ፣ ግራና ቀኟን ደግፎ የሚያስተኛት፣ ጭጭ ስትልም እንቅልፏን የማይረብሽባት ሰው ይስጣት። አሜን በይ እንጂ! ጮክ ብለሽ፣ እስከ ወጥ ቤት ይሰማ።