ልብን በጅምላ

ዝናብ ያላሰቡትን ሰው ያገናኛል። ከሥራ ስወጣ ዶፍ ወርዶብኝ መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ብጠለል፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታችን ሳያልቅ፣ «አንቺ አስተርጓሚ አይደለሽ? ‹ኢንግሮስ› ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ። ፊታቸው ጠቁሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝኛ ካልቀላቀለ አማርኛ የማይጥመው የልጃቸው አስተማሪ፣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ኢንግሮስድ እንደምትሆን ነግሯቸዋል። እሱን መጠየቅ አፍረው ያረጀ መዝገበ ቃላት ያለው ወዳጃቸው ዘንድ ቢሄዱ፣ «ሸቀጥ ጠቅልሎ ገዝቶ ገበያውን መያዝ» የሚል ፍቺ ተነበበላቸው። ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ትነግዳለች ብለው እንቅልፍ አጡ። በዚያ ላይ ዛሬ ጠዋት መጽሐፍ ይዛ ካውያውን ስትረሳው የደንበኛ ሱሪ ተቃጠለ። ትንሹ ወንድሟ አጠገቡ ተኝቶ ነበር። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ሊያስቀሯት ቆርጠዋል።

ሳቄም ድንጋጤዬም እኩል መጡብኝ።

«ጋሼ፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። ቃሉ የመጣው ‹በጅምላ› ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር ነው። ድሮ ገበያ የወጣውን እህል አንድ ነጋዴ ሲጠቀልለው እንዲያ ይባል ነበር። ኋላ ለልብም ዋለ። አንድ ነገር ሐሳባችንን ሲጠቀልለው፣ እኛ ‹ተመሰጠ› የምንለው ማለት ነው።»

«ተመሰጠች ለማለት ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ። ግን አልተረቱም። «መጽሐፍ ልቧን ከጠቀለለው ለወንድሟ ምን ተረፈ? ቤቱ ቢቃጠል ትሰማለች?»

ፍርሃታቸው የእውነት ነው። ሆኖም ጥፋቱ ከመመሰጧ ሳይሆን፣ ካውያውንም ሕፃኑንም መጽሐፉንም በአንዴ ከመስጠታቸው እንደሆነ ነገርኳቸው።

«እርስዎ እጅጌ ሲገጥሙ ሕፃን የሚያስይዝዎ አለ?»

«ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያው ለእሷም የንባብ ሰዓት ይለዩላት። ያን ጊዜ ካውያው ይነቀል፤ ሕፃኑ እርስዎ ዘንድ ይሁን። ሲፈልጓትም አይጩሁ፣ ትከሻዋን ነካ ያድርጉ። በሰዓቷ ያነበበች ልጅ የቤት ሥራዋንም ልብ ብላ ትሠራለች።»

«ካስቀረኋትስ?»

«ተደብቃ ታነባለች። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ብዙ ወላጅ ልጁን ሲጠራው ካልሰማው የተናቀ ይመስለዋል አልኳቸው። እሳቸውም ይህን ሲያሰላስሉ ዝናቡ አባራ፤ አብረን ወደ ሱቃቸው ሄድን።

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታን ታነባለች። አባቷ ከበር ሆነው በስሟ ጠሯት። አልሰማችም። ጥርሳቸውን ሲነክሱ አየሁና ምክሬ ሁሉ ውኃ በላው ብዬ ፈራሁ። ቀስ ብለው ሄደው ትከሻዋን ነኳት። ልጅቷ በርግጋ መጽሐፉን ጨርቅ ሥር ወሸቀችና ክንዷን ወደ ፊቷ አነሣች።

አባት ያን ክንድ አይተው ቆሙ። ከዚያ መጽሐፉን አውጥተው ጭኗ ላይ መለሱላት።

«የት ደረስሽ?» አሏት።

ጥያቄው ግራ አጋብቷት እኔን አየችኝ። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ንገሪኛ፣ የት ደረስሽ?»