ለድልድዩ ሲባል የተቆፈረ ወንዝ

«የዛሬውስ ሙቀት ምን ጉድ ነው፣ ዶን ኤልፒዲዮ? ጥላው ራሱ ጥላ ፍለጋ ከማንጎው ሥር ተነሥቶ ሄደ እኮ። ጉልበትዎ እንዴት ዋለ? ቺፓ ዳቦውን ይብሉት እንጂ፣ አይብ የበዛበት ነው…»

ቅጠል ሻጯ ዶኛ ኒካሲያ እንዲህ ሲጀምሩ የያታይ ገበያ ሰው ሁሉ ሥራውን ቀስ አደረገ። እኒህ ሴትዮ ስለ አየሩ ካነሡ፣ መብረቁ ለአንድ ሰው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ዶን ኤልፒዲዮ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ናቸው፤ ደወሉ ጆሯቸውን በልቶት፣ ከጎናቸው መድፍ ቢተኮስ «ማነው የሚያንኳኳው?» የሚሉ ሰው። ስለዚህ ለእሳቸው ለማሰማት መጮኽ ግድ ነበር። ታዲያ ጩኸቱ ወደ ጎን ፈስሶ፣ ለሆድ ቁርጠቱ ቅጠል እስኪወቀጥለት አግዳሚው ላይ የሚጠብቀውን ባለ ካሜራ ወጣት ቢያገኘው የማን ጥፋት ነው?

ወጣቱ ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን የመጣ ነው። በፓራጓይ ሰው ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይወለዳል፤ ፓርቲውን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባል። እሱ ግን የትኛውንም ወገን ሳይጠጋ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን በየክፍሉ አገናኝቶ በመተቃቀፍ የሚያበቃ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም እየሠራ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የቀይዋ የዶኛ ኒካሲያና የሰማያዊዋ የዶኛ ፓብላ ነው። ያ ክፍል ከታየ ወዲህ ዶኛ ፓብላ ሙቀጫቸውን ተሸክመው ወደ ገበያው ሌላ ጫፍ ተሰደዋል፤ ሰላምታም የለ።

«ስለ አንድ የተባረከ ልጅ ሰምተዋል፣ ዶን ኤልፒዲዮ? ከቀዮቹም ከሰማያዊዎቹም ሳንቲም አልነካም አሉ። ንጹሕ! ከሁለታችንም የወሰደው ቃላችንን ብቻ ነው…» ዘነዘናው ሁለት ጊዜ ወረደ። «እሱንም ሳይመልስ የቀረው ሥራ በዝቶበት እንጂ፣ ክፋት ኖሮበት ነው?»

ቀጥለውም የቀረጻውን ነገር አወጉ። ልጁ ጠላት ፍለጋ ሲመጣ ሁለቱን አሮጊቶች ያገኛቸው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ ከአንድ ዋንጫ በአንድ መምጠጫ እየተቀባበሉ ሲስቁ ነበር። ተከፋ። እባካችሁ ተራራቁልኝ ብሎ አንዷን ሙዝ ተራ፣ ሌላዋን ሥጋ ተራ አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ እያሉ መጥተው እንዲተቃቀፉ አዘዘ። ደመና ሲመጣ አንድ ጊዜ፣ ዶሮ ሲጮኽ አንድ ጊዜ… ሳይጣሉ አራት ጊዜ ታረቁ።

«ድልድይ ሠሪ እኮ ነው! ምን ያድርግ፣ እዚህ ሲደርስ ወንዝ አጣ። ሰነፍ ቢሆን ዕቃውን ጠቅልሎ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ትጉህ ነው… ወንዙን ቆፈረው።»

ሙዝ ሻጩ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ወጣቱ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ቁፋሮው እንዲህ ነበር። በዚህ ከተማ የበደለዎት ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ዶኛ ኒካሲያ ስም ሳይጠሩ «ያ ሌባ የእናቱን መቃብር ድንጋይ ነቅሎ ይሸጣል» ብለው ነበር። በፊልሙ ግን መጀመሪያ ዶኛ ፓብላ የሟች ባላቸውን ፎቶ በቀሚሳቸው ሲወለውሉ ይታያሉ፤ ወዲያው የዶኛ ኒካሲያ አፍ ይመጣል፤ «ያ ሌባ…»። ከዚያ ቫዮሊን። ከዚያ እቅፍ። አሱንሲዮን በእንባ ታጠበች አሉ፤ ጎዳናው በጀልባ ነበር የሚታለፈው።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የዘንድሮ ብልህ ነገርን ከወገቡ ነው የሚይዘው። እጁማ የተመሰገነ ነው! የላም ጭራ ፍየል ላይ ሰፍቶ ስፌቱ አይታይም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል… የእኔስ አፋፉን ዘልሎ የሙት ደረት ላይ ነው ያረፈው።»

እውነቱን ለዶኛ ፓብላ መንገር እንዴት አቃታቸው? ያንቺን ባል አላልኩም ብለው ልከው ነበር። «ታዲያ ማንን ነው? ሰው ሁሉ በሰማበት ገበያ ትናገር» የሚል መልስ መጣ። ችግሩ፣ ሌባ የተባለው የራሳቸው የቀዮቹ የሰፈር ሹም ነው፤ በገበያው ቦታ የሚሰጠውም የሚነሣውም እሱ። በዚያች ሰዓትም ከፊት ለፊታቸው ቆሞ ሐብሐብ እያንኳኳ ይመርጣል። ስሙን ከጠሩ፣ ነገ ሙቀጫቸውን ይዘው መንገድ ላይ ናቸው።

ስለዚህ በዙሪያው ዞሩ። «ያልተቆረጠውን ቀረጻ፣ ሙሉውን ይዞ አንዲት መበለት ቤት ብቅ የሚል ሰው ቢገኝ… ምን ይጎድልበታል? እግር አለው አይደል? ወይስ እግሩንም ቆርጦታል?»

ወጣቱ ብድግ አለ። የዶኛ ኒካሲያ ልብ ተስፋ አደረገች። እሱ ግን ከቦርሳው ካሜራውን አውጥቶ ወደ እሳቸው አዞረ፤ ቀይዋ መብራት በራች። ዓይኑ በደስታ ረጥቧል፤ ሁለተኛውን ክፍል አገኘ።

አሮጊቷ የካሜራውን መስታወት ትክ ብለው አዩት። ለዚህ የሚናገሩት ሁሉ ነገ ከሌላ ሰው ፊት ጋር ይሰፋል። መቀስ የሌለው እዚያው ገበያው ብቻ ነው። ዘነዘናውን አስቀመጡ፤ ሹሙን አዩ፤ የዶን ኤልፒዲዮን ጆሮ ያዙ።

«ሌባ ያልኩት የኛኑ የቀዮቹን ሹም ነው። ይኸው፣ ሐብሐብ የሚያንኳኳውን። የፓብላ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰው ጥላ እንኳ ሳያስፈቅድ የማይረግጥ ሰው ነበር።»

ድምፁ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሮ አርጀንቲና ውስጥ ላሞች ቀና አሉ ይባላል። ሐብሐቡ ከሹሙ እጅ ወድቆ ፈነዳ። ዶን ኤልፒዲዮ ጭምር ሰማሁ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያኛው ጫፍ ዶኛ ፓብላ ተነሥተው ቆሙ፤ በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉና፣ ሰው እየገፉ ወደዚህ መምጣት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ወጣቱ ጎንበስ ብሎ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለመጣችበት ያንኑ ነገር አንዴ እንዲደግሙለት፣ ዶኛ ፓብላም ወደ ቦታቸው ተመልሰው እንደገና እንዲመጡ በትሕትና ለመነ።

ዶኛ ኒካሲያ አላዩትም። ቅጠሉን ጠቅልለው እጁ ላይ አኖሩና፣ ፊታቸውን ወደ ደወል ደዋዩ አድርገው ማር በተቀባ ድምፅ መረቁ፦

«ይባርከው፣ ዶን ኤልፒዲዮ። ሽልማቱ ይብዛለት። ዕድሜውን የማቱሳላ ያድርግለት… ኋላም ጠግቦ፣ ሸምግሎ ሲያርፍ፣ በመቃብሩ ላይ ሰው ስለ እሱ የሚናገረውን ሁሉ… እንደ እሱው ያለ እጀ ብልህ ይቁረጥለት፣ ይስፋለት።»