የማን ልጅ ነው?

ጊደሬ ኮርማ ስትፈልግ ጊዜ አላጠፋሁም፤ እየነዳሁ ጫኖ ወዳለ አንድ ኮርማ አርቢ ወሰድኳት። ሰውየው የኮርማውን ወረቀት ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ክብደቱን ይመልከቱ፤ በዓመቱ እኩዮቹን ሁሉ በልጧል!» አለኝ። ቁጥሩስ ያስጎመጃል። እኔ ግን ከፊደል ያለፈ ትምህርት ስለሌለኝ በጣቴ ስሞቹን እየተከተልኩ አነበብኩ። «አባት፦ ዳማ» ይላል። ጊደሬም የተወለደችው እናቷን በዚሁ ኮርማ፣ በዳማ፣ አስጠቅቼ ነበር!

«ወንድሟ እኮ ነው!» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ለከብትም ሰባት ቤት ይቆጠራል?» ብሎ ሳቀብኝ። «ዛሬ ካለፋት፣ እንደገና ኮርማ እስክትፈልግ ሦስት ሳምንት መጠበቅዎ ነው።»

«የዝምድና ጥጃ ቀጭጮ ከሚቀርብኝ ልጠብቅ። ትዕግሥቱን እግዚአብሔር ይሰጠኛል» ብዬ ገመዷን ይዤ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ኮርማ ፊት ቆምን። ባለቤቱ ስለ ክብደቱ ሊነግረኝ ሲጀምር፣ «እሱን ቆየኝ፤ መጀመሪያ የማን ልጅ ነው?» አልኩት።