ወንድ አያዝልም

የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ እኔ ደግሞ መጠበቅ የማልወድ ሰው ነኝ። በመስከረም ማለዳ የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ አጥንት ድረስ ስለሚሰማ፣ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ተጠጋሁ። እዚያ አንድ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው ይቆጡታል።

መምህር ነኝና በትምህርት ቤት ደጅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም። «መምህር ነኝ፤ ምነው፣ ምን ገጠማችሁ?» አልኩ።

ሽማግሌው መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ይባላሉ፤ የሚያለቅሰው ልጃቸው ውባየሁ ነው።

«እስቲ ይፍረዱ፣ መምህር!» አሉ መሪጌታ። «ዛሬ ሴት ልጁን እስከዳርን አንደኛ ክፍል አስገባ። ደስ ሊለው ሲገባ ይኸው ይነፋረቃል። ሚስቱ ኮከቤ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምትመጣው። እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጦ ልጅ ሲያጥብ፣ ሹሩባ ሲሠራ፣ ገንፎ ሲያገነፋ ኖረ። አገር ሳቀብን።»

ውባየሁ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «መምህር፣ እስከዳር ስትገባ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። አትፍሪ ብዬ የመከርኳት እኔው ነኝ። እሷስ አልፈራችም፤ ባዶውን ቤት ሳስበው የፈራሁት እኔ ነኝ።»

በትምህርት ቤት በር ላይ ስንት እናቶች ሲያለቅሱ አይቻለሁ፤ የተቆጣቸው የለም። አባት ሲያለቅስ ለምን ነውር እንደምናደርገው ግን ሃያ ዓመት አስተምሬም አልገባኝም።

«እንግዲህ ልጅቱ ገባችልህ» አሉ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ኮከቤም ነፍሰ ጡር ናት። ሥራዋን ትታ ቤቷ ትግባ። አንተም ወደ እርሻህ፣ ወደ ወንድነትህ ተመለስ። ሁለተኛ ልጅ ታቅፈህ ቤት ከዋልክ እኔ በማኅሌት የምቆምበት ፊት የለኝም።»

«አባባ፣ የሚወለደውንም እኔው አሳድገዋለሁ።»

«ለምን? ምን አጥተህ?»

«ኪዳነን አጥቼ።»

እኔ ኪዳነ ማን እንደሆነ አላወቅሁምና ውባየሁ ነገረኝ።

«የመጀመሪያ ልጄ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ዓመት ከመንፈቁ፣ ተቅማጥና ትውከት ያዘው። ኮከቤ ለትምህርት ደብረ ብርሃን ነበረች። እኛ ያኔ ገጠር ነን፤ እስከ ሐኪም ቤት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ ዳገት። በዚያ ላይ ቀኑ ገበያ ነው። ጠዋት እናቱ የምታዝልበትን አንቀልባ አነሳሁ። አባባ፣ ያኔ ምን አሉኝ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ። «ተወው» አሉ በቀስታ።

«አልተወውም። ‹ወንድ አያዝልም። አንቀልባ ታጥቀህ በገበያ መካከል ልታልፍ ነው? ተሾመች ከገበያ ስትመለስ አዝላ ትወስደዋለች› አሉኝ። እኔም እርስዎን አፈርኩ፣ ገበያተኛውን አፈርኩ፤ አንቀልባውን መልሼ ሰቀልኩት። ጎረቤታችን ተሾመች በዘጠኝ ሰዓት ስትደርስ የልጁ ዓይን ጎድጉዶ ነበር። አዝላው ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደችም።»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ግን ራሳቸውን ያሳመነ አይመስልም።

እዚህ ላይ አላስችል አለኝ። «መሪጌታ፣ ያ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ሕፃን ይድንበታል፤ የሚገድለው መዘግየት ነው። እርስዎ ብዙ ጉባኤ የዋሉ ሰው ነዎት። ወንድ ልጁን እንዳያዝል የሚከለክል ቃል በየትኛው መጽሐፍ አገኙ?»

ሊቅ ናቸውና ሊዋሹኝ አልፈለጉም።

«የለም» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቀኝ ‹እግዚአብሔር ወሰደው› ነው የምለው። ለካ የራሴን ጥፋት በእርሱ እያላከክሁ ነው የኖርኩት። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

«እርስዎን ይቅር ካልኩ ቆየሁ፣ አባባ። ያቃተኝ ራሴን ነው። እርሻውን ለወንድሜ ትቼ ከተማ የገባሁት፣ እስከዳር ባሳለች ቁጥር ማንንም ሳልጠብቅ ይዣት የምሮጠው ለዚህ ነው።»

መሪጌታ ጥምጥማቸው እስኪላላ አለቀሱ። «እንግዲያው የሚወለደውንም አሳድገው» አሉ። «ኮከቤም ከሥራዋ አትውጣ። የሚያሙህን ለእኔ ተዋቸው። በሰንበቴ ላይ ቆሜ የልጅ ልጄን እንዴት እንደገደልኩት ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋና ተሰናብቼ ሄድኩ። በጥር ስመለስ ሰዎች እንደነገሩኝ፣ መሪጌታ ቃላቸውን ጠብቀዋል። በደብራቸው ሕፃን ሲታመም አሁን ሴት የሚጠብቅ የለም፤ ቀድሞ የደረሰው ወላጅ አዝሎ ይሮጣል። የሞላሌ በሽተኞች ነርሳቸውን አላጡም፤ የተወለደችውም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የአባቷን ድምፅ ታውቃለች። እናንተም አባቶች ሆይ፣ ይህ ሁሉ ጥቅም ‹ወንድ አያዝልም› የሚለውን ሁለት ቃል ብቻ በመተው የተገኘ ነውና እኛስ ለመተው ማንን እንጠብቃለን?

ኪዳነ ቢኖር ኖሮ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ይገባ ነበር።